ዕጣ የተጣለበት ትንፋሽ

ሰኔ 18

ረቡዕ። የባቡር ጣቢያው ሰፈር ገበያ። ጠዋት ብርዱ ጆሮ ይቆርጣል፣ ረፋድ ላይ ሹራብ ያስወልቃል። ፓስቴሉ፣ በሊጥ ተጠቅልሎ የሚጠበሰው፣ ጥሩ ሄደ… ስጋ ያለበት አይብ ካለበት ቀድሞ አለቀ። ኔይዴ ዘይቱ ፊት ቆማ ስትጠብስ ሳል ያዛት። ደንበኞች ላይ ላለመሳል ፊቷን ወደ መኪናችን ታዞራለች። ሸንኮራ ልጭመቅልሽ፣ ሎሚ ጨምሬ፣ አልኳት። «ለደንበኛ ጭመቅ» አለችኝ። እሺ።

ከተጋባን ጀምሮ ሥራችን ይኸው ነው። እሷ ትጠብሳለች፣ እሷ ትወስናለች። እኔ ሸንኮራ እጨምቃለሁ። አማርሬ አላውቅም።

ሰኔ 20

ሳሉ አልለቀቃትም። ትኩሳትም አላት። ሐኪም ቤት እንሂድ ብላት «የቅዳሜው ገበያ ይለፍ» አለች። ተውኩት። ምን ብዬ ልከራከራት? መቼ ተከራክሬያት አውቃለሁ?

ሰኔ 21

ገበያ አልደረስንም። ሊጡን ስትዳምጥ ድንገት ጠረጴዛውን ይዛ ቆመች። ከንፈሯ ጠቁሯል። «ትንሽ ልረፍ» ያለች መሰለኝ… ድምፅ አልነበራትም። አምቡላንስ ጠራሁ። ለመጀመሪያ ጊዜ ሳላስፈቅዳት።

ኢንፍሉዌንዛ ነው፣ ሁለቱም ሳንባዋ ላይ ምች ሆኗል አሉኝ። ጭምብል አድርገውላታል። ስትተነፍስ አንገቷ ይሰረጉዳል።

ሰኔ 22

ጽኑ ሕሙማን ክፍል አስገቧት። ጭምብሉ አልበቃ አለ። ሊያስተኟትና ቱቦ ሊያስገቡላት እንደሆነ ነገሯት፣ ራሷን ነቀነቀች። እኔን በጣቷ ጠራችኝ። ጎንበስ አልኩ። «ዘይቱን ቀይረው» አለችኝ። ይኸው ነው። ሌላ ነገር ትላለች ብዬ ጆሮዬን እንደደገንኩ ቀረሁ።

ከዚያ አስወጡኝ።

ሰኔ 23

ዛሬ አንዲት ሴት ልታነጋግረኝ መጣች። ኢቫኒ ትባላለች፣ ፊዚዮቴራፒስት ናት። እዚህ መተንፈሻ ማሽኑን ከሐኪሞቹ ጋር ሆነው የሚቆጣጠሩት እነሱ ናቸው። ወንበር ስባ ፊት ለፊቴ ተቀመጠች። ቆሞ የሚያናግር ይሻለኛል… የሚቀመጥ ሰው ከባድ ነገር ይዞ ነው የሚመጣው።

እንደገባኝ እንዲህ ነው። የኔይዴ ሳንባ ደርቋል። ማሽኑ አየር ሲገፋ ግፊቱ ካነሰ የሳንባዋ ታችኛው ክፍል ይዘጋል። ከበዛ ደግሞ ደህናው ክፍል ከልክ በላይ ተለጥጦ ይጎዳል። ልኩን ማግኘት ነው ጭንቁ። እስካሁን የሚሠሩት በሰንጠረዥ ነበር… የሚሰጣት ኦክስጅን ይህን ያህል ከሆነ ግፊቱ ይህን ያህል ይሁን እያሉ። አሁን ግን አንድ ቀበቶ መጥቷል። ደረት ላይ ይታሰራል፣ የማይሰማ ትንሽ ኤሌክትሪክ ያሳልፋል፣ አየሩ የት እንደገባና የት እንዳልገባ በየትንፋሹ ስክሪን ላይ ያሳያል። እዚያው አልጋዋ ላይ። መርፌ የለው፣ ጨረር የለው።

«ታዲያ እሰሩላታ» አልኳት።

ይታሰርላታል፣ አለች። ግን ጥናት ነው። በምስሉ መመራት ከሰንጠረዡ ይሻል እንደሆነ ገና ማንም አያውቅም። ስለዚህ ኮምፒውተር ዕጣ ያወጣል። ግማሾቹን ሐኪሞቹ ምስሉን እያዩ ያክሟቸዋል። የቀሩት ምስላቸው ይቀዳል እንጂ ስክሪኑ ይሸፈናል፣ የሚታከሙት እንደ ድሮው በሰንጠረዡ ነው።

«እያዩ ማከም ሳያዩ ከማከም እንዴት አይሻልም?»

«ለእኔም የሚሻል ይመስለኛል» አለች፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ግን እኛ የሚመስለን ነገር ሰው ጎድቶ ያውቃል፣ ጋሽ ሚልተን። ስለዚህ ነው የምንጠይቅዎት።»

እምቢ ካልኩ ያለ ቀበቶ፣ በሰንጠረዡ። እሺ ካልኩ ግማሽ ዕድል። ማን ነው ግማሽ ዕድል የሚጥል? ኔይዴ ብትሆን ሦስት ጥያቄ ጠይቃ ትጨርሰው ነበር። እኔ አንድም አልመጣልኝም። ፈረምኩ።

ሰኔ 24

ዕጣው ወጣ። ሽፋን።

ቀበቶው ከጡቷ ሥር ታስሯል። ከአልጋዋ አጠገብ ማሽኑ አለ፣ ስክሪኑ ላይ ጥቁር ጨርቅ በፕላስተር ተለጥፏል። ኢቫኒ ስትለጥፈው ቆሜ አየሁ። ጥግ ጥጉን በአውራ ጣቷ ጫን ጫን አደረገችው። ወደ እኔ አልዞረችም።

ከጨርቁ ሥር ሚስቴ እየተነፈሰች ነው። እንዳይታይ።

ሰኔ 25

ኬይላ ደወለች። ልጃችን። ጃፓን አገር፣ ሃማማትሱ ከተማ መኪና ዕቃ ፋብሪካ ከገባች ስድስተኛ ዓመቷ። እኔ ጋ ሲነጋ እሷ ጋ ይመሻል… ከሥራ ወጥታ፣ አውቶቡስ ውስጥ ሆና ነው የምታወራው። ጥናቱን ነገርኳት። መንገር አልነበረብኝም ይሆን?

«ዕጣ? እናቴን እንደ ሎተሪ?»

እንደዚያ አይደለም አልኳት። እንዴት እንደሆነ ግን ማስረዳት አቃተኝ። ኢቫኒ ስትለው ልክ ነበር፣ ከእኔ አፍ ሲወጣ ነውር ሆነ።

«ማን ፈቀደልህ አባዬ?»

«እናትሽ ተኝታለች። ማንን ልጠይቅ?»

«እኔን።»

አላሰብኳትም። እውነቱ ይኸው ነው። ለሷ መደወል በሐሳቤ አልመጣም። ይህንንም አልነገርኳትም። ከዚያ አለቀሰች። አውቶቡሱ ውስጥ የሆነች ሴት በጃፓንኛ ፌርማታ ትጠራለች።

ሰኔ 26

ከኔይዴ ቀጥሎ በመስታወት የተለየ ክፍል አለ። ውስጡ አቶ ኦዲሎን የሚባሉ ሰው ተኝተዋል። ዕድሜያቸውን ሁሉ ሸንኮራ የሚጭን መኪና ሲነዱ የኖሩ። ልጃቸው ጁሳራ ናት፣ ሊንስ ከተማ ፀጉር ቤት አላት፣ ዘግታው መጥታለች። የእመቤታችንን ትንሽ ሥዕል መስታወቱ ላይ ለጥፋለች።

እሳቸውም ቀበቶ አላቸው። ስክሪናቸው ግን ክፍት ነው።

ከኔይዴ እግር በኩል ስቆም በመስታወቱ አልፎ ይታየኛል። ጥቁር ላይ ሁለት ሰማያዊ ቅርጾች… ማሽኑ አየር ሲገፋ ይፈካሉ፣ ሲለቅ ይደበዝዛሉ። ሐኪሞቹ ተሰብስበው በጣታቸው ያሳያያሉ፣ ግፊቱን ይቀያይራሉ፣ እንደገና ያያሉ። የኔይዴ ሐኪም ወረቀት አይቶ ቁጥር ነካክቶ ይሄዳል። ክፉ ሰው አይደለም። ሥራው ነው። ግን ጠላሁት።

ጁሳራ ኮሪደር ላይ ቡና ገዛችልኝ። «ለእናንተም ደረሳችሁ?» አለችኝ። ዕጣውን ማለቷ ነው። አልደረሰንም አልኳት። ስኳር ጨመረችልኝ። አልወድም፣ ጠጣሁት።

ሰኔ 28

በሆዷ ገለበጧት። ስድስት ሰው ሆነው፣ ቱቦው እንዳይወጣ አንዷ ጭንቅላቷን ይዛ። ጀርባዋን ለሁሉም ሲያሳዩት ኔይዴ ብታይ ትሞታለች ብዬ አሰብኩ… ከዚያ በቃሉ ደነገጥኩ።

ኦክስጅኗ ትንሽ ተሻሻለ አሉ። ወይ ተሻለ፣ ወይ ለጊዜው ነው። ሁለቱንም ነው ያሉኝ።

ሰኔ 29

ምንም የለም። ተቀምጬ ዋልኩ።

ሐምሌ 1

አደረግኩት።

በጀርባዋ መልሰዋታል። ነርሷ ወደ አቶ ኦዲሎን ክፍል ሄደች፣ የሆነ ነገር ጮኾ። እኔና ጨርቁ ብቻ ቀረን። የታችኛው ጥግ ፕላስተር በራሱ ለቀቅ ብሎ ነበር… ልዋሽ? አልለቀቀም። እኔ ነኝ በጥፍሬ ያነሳሁት። ጎንበስ ብዬ አየሁ።

ሰማያዊ አለ። ሁለት። ትንፋሿ ነው። ዓይኔ እንባ ሞላ። ከዚያ ግን በሁለቱ መሃል ጥቁር አየሁ። ወደ አንድ በኩል ጋደል ያለ፣ ጡጫ የሚያህል። ማሽኑ ይገፋል፣ ሰማያዊው ይፈካል፣ ያ ጥቁር ንቅንቅ አይልም። አንድ ትንፋሽ፣ ሁለት ትንፋሽ፣ ሦስት። አየር አልገባበትም።

ጨርቁን መለስኩት። ፕላስተሩን በአውራ ጣቴ ጫን ጫን አደረግኩት።

ሐምሌ 2

ማንን ልንገር? ከነገርኩ ማየቴ ይታወቃል። ከጥናቱ ያስወጧታል? ወይስ እኔን ከክፍሉ? ካልነገርኩስ… ሳንባዋ መሃል አየር የማይገባበት ቦታ እንዳለ የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ። ሸንኮራ ጨማቂው።

ሐኪሙ መጣ። ወረቀት አየ። አፌ ተከፈተ፣ «እንዴት አደሩ» ብቻ ወጣ።

የአቶ ኦዲሎንን ደጋግሜ አያለሁ። ከሩቅ ሁሉም ሰማያዊ ነው።

ሐምሌ 3

ኬይላ ደወለች። አላነሳሁም። ምን ልላት? እናትሽ ውስጥ ጥቁር አየሁ፣ ለማንም አልነገርኩም ልበላት?

ሾርባ ገዛሁ፣ ቀዘቀዘ።

ሐምሌ 4

አልቻልኩም። ኢቫኒን ደረጃው ላይ ጠብቄ ያዝኳት። ጨርቁን ገልጬ አየሁ አልኳት። ፊቷ ተለወጠ። ምን ዓይነት ሰው ነህ ትለኛለች ብዬ ጠበቅኩ። ምን እንዳየሁ ጠየቀችኝ።

«በሁለቱ መሃል?»

«አዎ።»

«ወደ አንድ በኩል ጋደል ያለ? ማሽኑ ሲገፋም የማይለወጥ?»

አዎ፣ አዎ። እንዳየሁት በጣቴ አየር ላይ ሳልኩላት። ግድግዳውን ተደገፈች። የምትስቅ መስሎኝ ነበር፣ አልሳቀችም።

«ጋሽ ሚልተን… እሱ ልቧ ነው። ልብ ውስጥ አየር አይገባም።»

ልቧ። ሦስት ቀን ሙሉ ሞት ነው ብዬ የተሸከምኩት ልቧ ነው። ደረጃው ላይ ቁጭ አልኩ። አጠገቤ ተቀመጠች። ማየትዎን ለኃላፊዎቹ መንገር አለብኝ፣ ሐኪሞቹ እስካላዩ ግን ጥናቱን አያበላሽም አለችኝ። ፕላስተሩን እቀይረዋለሁ አለች። ደግሞ እንዲህ አለችኝ፣ እኔ ምስሉን ለማንበብ ዓመታት ፈጅቶብኛል፣ አሁንም እሳሳታለሁ።

እፎይ ማለት ነበረብኝ። ትንሽ አልኩ። ግን ከጨርቁ ሥር ያለውን አሁንም አላውቅም። ልቧ እዚያ መሆኑን ብቻ ነው የማውቀው።

ሐምሌ 6

አቶ ኦዲሎን ተባብሶባቸዋል። ጁሳራ ነገረችኝ። አሁን እኮ ከሐኪም እኩል ነው የምታወራው። ምስሉ ልኩን አሳይቷቸዋል፣ ግፊቱን ከፍ ሲያደርጉት ሳንባቸው እስከ ታች ሰማያዊ ይሆናል። ግን ያን ጊዜ ደም ግፊታቸው ይወርዳል። መድኃኒት ይጨምሩላቸዋል፣ ይወርዳል። የግዳቸውን የማሽኑን ግፊት ይቀንሱታል። ያን ጊዜ የታችኛው መጥቆር ይጀምራል።

«ሳንባው የሚፈልገውን ልቡ አይችለውም» አለችኝ። «ልቡ የሚችለው ደግሞ ለሳንባው አይበቃም። ቁልጭ ብሎ ይታያል፣ ጋሼ። ማንም ምንም ማድረግ አይችልም፣ ግን ቁልጭ ብሎ ይታያል።»

ስቀናባት ነበር የከረምኩት።

ሐምሌ 7

ጁሳራ ወንበሯን አዙራዋለች። ጀርባዋን ለስክሪኑ ሰጥታ፣ የአባቷን እግር በሁለት እጇ ይዛ ተቀምጣለች። ኢቫኒ ገብታ ስክሪኑን ወደ ግድግዳው ልታዞርላት ስትል «ተዪው፣ ለሐኪሞቹ ያስፈልጋል» አለች።

እኔ ግን አየሁ። በመስታወቱ። እንደለመድኩት ቆሜ… ከታች ጥቁሩ ወደ ላይ ሲወጣ። ከዚያ ዞርኩ። አፈርኩ።

ሐምሌ 8

አቶ ኦዲሎን ከሰዓት በኋላ አረፉ።

ጁሳራ ሥዕሏን ከመስታወቱ ልጣ ስትወጣ እኔ ጋ ቆመች። አቀፈችኝ። ፀጉሯ መድኃኒት መድኃኒት ይሸታል። ጆሮዬ ሥር፣ «አንተስ አላየህም» አለችኝ። ለማጽናናት ነው ወይስ ለመውቀስ? ወይስ እሷም ስትቀናብኝ ነበር?

ሐኪሞቹ ማየታቸው አቶ ኦዲሎንን አላዳናቸውም። አለማየታቸው ኔይዴን ይገድላት ይሆን? አላውቅም። ማንም አያውቅም። ኢቫኒ መጀመሪያውኑ ይህንኑ ነበር ያለችኝ፣ አልሰማኋትም።

ሐምሌ 9

ሊንስ ሄጄ ቀብር ላይ ቆሜ መጣሁ። ሸንኮራ ጫኝ ሾፌሮች መኪናቸውን መንገድ ዳር ደርድረው ቆመዋል። ስመለስ ኔይዴ እንደተውኳት ናት።

ሐምሌ 15

አንገቷ ላይ ቀዳዳ ከፍተው ቱቦውን ወደዚያ አዞሩት። አፏ ነጻ ሆነ። ከንፈሯ ተሰነጣጥቋል፣ ቅባት ቀባሁላት። ቀበቶውን ፈቱላት፣ የጥናቱ ጊዜ አልቋል። ጥቁር ጨርቅ ያለበትን ማሽን እየገፉ ወሰዱት። እስከ ሊፍቱ ተከተልኩት። ለምን እንደሆነ እንጃ።

የእንቅልፉን መድኃኒት ቀንሰውላታል። አትነቃም። ሐኪሙ «ትዕግሥት» አለኝ። ሌላ ምን አለኝ?

ሐምሌ 19

ዓይኗን ገለጠች። እኔን አይደለም የምታየው፣ ጣሪያውን ነው።

ሐምሌ 22

እኔን አየች። አወቀችኝ። ሽማግሌ ሆነህ የለም እንዴ የሚል ዓይን። ለኬይላ ደወልኩ፣ ስልኩን ፊቷ ላይ ያዝኩላት። ኬይላ እራቷን አሳየቻት፣ ሩዝና ዓሣ። ኔይዴ እራቱን ትኩር ብላ አየችው። በቂ አይደለም እንደማለት ጣቷን አወዛወዘች።

ኬይላ ሳቀች፣ ከዚያ «አባዬ፣ ያን ዕለት የተናገርኩህን…» አለች። ይለፍ አልኳት።

ሐምሌ 27

በማሽኑና ያለ ማሽኑ እየተፈራረቀች ነው። ያለ ማሽኑ ትንሽ ትቆይና ላብ ያጠምቃታል። ክንዷን ማንሳት አቅቷታል። ያ ሊጥ የሚዳምጥ ክንድ። ዘይት ፊት ከእንግዲህ አትቆምም፣ ጭስ አይስማማትም አሉኝ። ቤት ስትሄድም ኦክስጅን ይዛ ሊሆን ይችላል። ሊሆንም ላይሆንም። እነዚህ ሰዎች ከ«ሊሆን ይችላል» ውጭ ቃል የላቸውም። እኔም ከነሱ ተምሬያለሁ።

ለሷ ገና አልነገርኳትም።

ነሐሴ 3

ኢቫኒ መጣች። ወንበር ስባ ተቀመጠች፣ አሁን ግን የተቀመጠችው ከኔይዴ ፊት ለፊት ነው። ሕጉ ነው አለች… ሲገቡ ራሳቸው ያልፈቀዱ ሰዎች ሲነቁ ራሳቸው ይጠየቃሉ። የተቀዳው የሳንባዋ ምስል ጥናቱ ውስጥ ይቆይ፣ ወይስ ይውጣ?

ሁሉንም ነገረቻት። ቀበቶውን፣ ዕጣውን፣ ጨርቁን። እኔ መስኮቱ ጋ ቆሜ ውጭ ያለውን የመኪና ማቆሚያ አያለሁ። ይሄን ቀን ስፈራው ነበር። ዕጣ ጣለብኝ ብላ ዕድሜዋን ሙሉ ታስበው ይሆን? ደግሞ፣ ልዋሽ አልችልም፣ ደስም ብሎኝ ነበር። ነቃች። ከእንግዲህ እሷ ትወስናለች፣ እኔ ወደ ሸንኮራዬ።

ኔይዴ ድምፅ የላትም፣ በከንፈሯ ነው። «የሌሎቹስ?» አለች። ኢቫኒ አልገባትም፣ እኔ ገባኝ። ምስላቸው የታየላቸውስ እንዴት ሆኑ ማለቷ ነው።

ኢቫኒ ገና አናውቅም አለች። ብዙ ሰው ተሰብስቦ፣ ተቆጥሮ፣ ከዚያ ነው የሚታወቀው። እኔ ግን አንዱን አውቃለሁ አልኩ። ከመስኮቱ ዞሬ ስለ አቶ ኦዲሎን ነገርኳት። ሳንባው የፈለገውን ልቡ እንዳልቻለው። ጁሳራ ወንበሯን እንዴት እንዳዞረች። ጨርቁን ገልጬ ልቧን እንዳየሁና ሞት መስሎኝ እንደነበርም ነገርኳት። ይሄን ያህል አንድ ላይ አውርቼላት የማውቅ አይመስለኝም። ስትሰማኝ ዓይኗን ከእኔ ላይ አላነሳችም።

ጨረስኩ። ኢቫኒ እስክሪብቶዋን ይዛ ትጠብቃለች። እኔም ኔይዴን እጠብቃለሁ፣ እንደ ሁልጊዜው።

ዓይኗን ጨፈነች። ደክሟታል። ጣቷን ከአንሶላው ላይ በጭንቅ አነሳችና ወደ እኔ አመለከተች። «አንተ» አለች በከንፈሯ።

እኔ ምን አውቃለሁ ልል ነበር።

«ይቆይ» አልኩ።

ኢቫኒ እርግጠኛ ነዎት ወይ አለችኝ። የኔይዴ ከወጣ የሰውየው ከማን ጋር ይነጻጸራል አልኳት። እሳቸው ታይተው ሞቱ፣ እሷ ሳትታይ ዳነች፣ ሁለቱ ጎን ለጎን ካልተቀመጡ ነገ ቀበቶ የሚያስሩት ሰዎች ምን ያውቃሉ? ትክክል ተናግሬ ይሁን አይሁን እንጃ።

ኔይዴ ዓይኗን ሳትገልጥ ራሷን ነቀነቀች። ለጥናቱ ይሁን፣ ለእኔ ይሁን… አልጠየቅኳትም።

ኢቫኒ ከወጣች በኋላ ነገርኳት። ዘይቱን፣ ጭሱን፣ ክንዷን፣ ኦክስጅኑን። ሌላ የሚነግራት ሰው የለም። አለቀሰች። አንገቷ ላይ ባለው ቀዳዳ እንባ ሲንቆረቆር በፋሻ ጠረግኩላት። ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ።